ዘሩ የጠፋ እንስሳ ልመልስ ላላችሁ ሁሉ

እነዚያ ነጫጭ የተኩላ ቡችሎች ስልካችሁ ላይ ሳይደርሱ አልቀሩም። በሚያዝያ 2025 ኮሎሳል ባዮሳይንስስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከጠፋ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ የሆነውን ዳየር ዎልፍ የሚባል የጥንት ተኩላ መለስኩት ብሎ አወጀ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፣ እኛም ሰፈር ገባ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ቡና ላይ ወሬው በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ይችን ጥያቄ ይወረውራል፦ «እኛስ የጮቄ ተራራን ቀይ ቀበሮ ለምን አንመልስም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ልመልስ ያለ ሰው ከየት ጀምሮ ምን ምን እየጠየቀ መሄድ እንዳለበት ላስቀምጥላችሁ። ላቦራቶሪው ኋላ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ከላቦራቶሪው ስለሚጀምር ነው ነገሩ የሚምታታበት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፣ ከውጭ ዜና ጋር ለማመሳከር እንዲቀላችሁ።

ከምድር ጠፋ ወይስ ከዚህ ጠፋ?

ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር። ዛሬ የለም። የደጋው ሣር ለገብስና ለድንች ታረሰ፣ የቀረው በከብት ተጋጠ። ጓሳው ሲሳሳ አይጡ አነሰ፤ አይጥ ካነሰ ደግሞ አይጥ በልቶ የሚያድረው ቀበሮ ምን ይበላል? በዚያ ላይ በሌሎቹ ተራሮች እንደታየው ከሰው ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከገባ መንጋውን ጠርጎ ነው የሚወጣው።

ግን ቀይ ቀበሮ ከምድር አልጠፋም። ባሌ አለ፣ አርሲ አለ፣ ሰሜን ተራሮች አለ፣ መንዝ ጓሳ አለ፣ ወሎ አለ። አዋቂዎቹ ሁሉ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፣ ያም ሆኖ አሉ። አባይን ተሻግሮ ቦረና ሳይንት ላይ እንኳ አለ። ታዲያ ራሱ ለምን አይመጣም ካላችሁ፣ ቀበሮው ከ3,000 ሜትር በታች ኑሮ የማይሆንለት የውርጭ አገር እንስሳ ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ የአባይ በረሃ ተጋድሟል።

ስለዚህ ለጮቄ ክሎኒንግ፣ ማለትም ከአንድ እንስሳ ሕዋስ ያንኑ እንስሳ ደግሞ መሥራት፣ አያስፈልግም። ካለበት ጥቂቱን አምጥቶ ማስፈር ነው መንገዱ። እሱም ቢሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ከ500 ያነሰ ሕዝብ ላይ ጥቂት ማንሳት ራሱ አደጋ አለው፤ ግን ቢያንስ የሚነሳ አለ። «ጠፋ» የሚል ዜና ስትሰሙ መጀመሪያ ይሄን ለዩ። ከዓለም የጠፋ አለ፣ ማሞዝ እንደሚባለው ፀጉራም የጥንት ዝሆን፤ የመጨረሻዎቹ ከዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ በፊት ሩሲያ ሰሜን ጫፍ ራንገል ደሴት ላይ አለቁ። ከአንድ አካባቢ ብቻ የጠፋ አለ፣ እንደ ጮቄው ቀበሮ። ደግሞ «አለ»ም «የለም»ም የማይባል አለ። ጎረቤታችን ኬንያ ኦል ፔጄታ በሚባል የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ ውስጥ ናጂንና ፋቱ የሚባሉ እናትና ልጅ አውራሪሶች አሉ። የሰሜን ነጭ አውራሪስ ዘር የቀረው እነሱ ብቻ ናቸው። የመጨረሻው ወንድ፣ ሱዳን የሚሉት፣ መጋቢት 2018 ሞተ። እዚያ የሚሠራው ክሎኒንግ ሳይሆን ከፋቱ እንቁላል ወስዶ ቀድሞ በቀዘቀዘ የወንድ ዘር ላቦራቶሪ ውስጥ ማፅነስና የደቡብ ነጭ አውራሪስ እንድታረግዝ ማድረግ ነው።

እጃችሁ ላይ ምን አለ?

ዳይኖሰር ይቅር። 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። እስካሁን ከተነበበው ዲኤንኤ ሁሉ ያረጀው 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ እሱም ግሪንላንድ ውስጥ በረዶ ጠብቆ ስላቆየው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ዲኤንኤ ማንበብና ክሎን ማድረግ ለየቅል ናቸው። ከአጥንት፣ ከጥርስ፣ ሙዚየም ከተሰቀለ ቆዳ የሚገኘው ዲኤንኤ የተበጣጠሰ ነው። በኮምፒዩተር ገጣጥሞ ማንበብ ይቻላል። ክሎኒንግ ግን ኒውክለሱ (ዲኤንኤውን የያዘው የሕዋሱ እምብርት) ያልተነካ ሙሉ ሕዋስ ይፈልጋል፣ ያውም እንስሳው በሕይወት እያለ ወይም እንደሞተ ወዲያው የተወሰደና በሥርዓት የቀዘቀዘ። ማሞዝ ከበረዶ ውስጥ ከነፀጉሩ ወጣ ቢባልም እንደዚያ ዓይነት ሕዋስ አልተገኘበትም።

የማዳቀል ቴክኒሻን ቀበሌያችሁ ሲመጣ አይታችኋል። ከሞተር ሳይክሉ ያወረደውን አንገተ ጠባብ ዕቃ ክዳኑን ሲያነሳው ነጭ ጭስ ቡልቅ ይላል፣ ከዚያ ቀጭን ቀሰም በመቆንጠጫ መዝዞ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነክራል። የሚጨሰው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። ቀሰሙ ውስጥ ያለው ዘር ኮርማው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላም ላማችሁን ያስረግዛል። የክሎኒንግም መሠረቱ ይኸው ዕቃ ነው። አሜሪካ ሳንዲያጎ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ከ1,000 በላይ ከሚሆኑ የእንስሳት ዓይነቶች የተወሰደ ሕዋስ በዚህ ዓይነት ተቀምጧል። በ2020 የተወለደው ኩርት የሚባለው የሞንጎሊያ የዱር ፈረስ የተሠራው በ1980 እዚያ ከቀዘቀዘ ሕዋስ ነው።

ሕዋስ ካላችሁ

አሠራሩን በዶሊ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ በመሠረቱ ያው ነው። 1996፣ ስኮትላንድ፣ ሮስሊን ኢንስቲትዩት። ከአንዲት የ6 ዓመት ነጭ በግ ጡት ላይ ሕዋስ ወሰዱ። ፊቷ ጥቁር ከሆነ ሌላ ዝርያ በግ ደግሞ እንቁላል ወሰዱና ኒውክለሱን በማይክሮስኮፕ እያዩ በቀጭን መርፌ መጠው አወጡት። ባዶውን እንቁላልና የጡቱን ሕዋስ አጠጋግተው በኤሌክትሪክ ሲነኳቸው ተዋሃዱ፣ እንቁላሉም እንደ ማንኛውም ፅንስ መከፋፈል ጀመረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ጥቁር ፊት በግ ማህፀን ውስጥ ገባ። ጁላይ 5 ቀን ዶሊ ነጭ ፊት ይዛ ዱብ አለች። የማን ልጅ እንደሆነች ለመናገር ምርመራ እንኳ አላስፈለገም፣ ፊቷ ተናገረ።

277 እንቁላል ተዋህዶ የተወለደችው አንዲት ግልገል ናት። ይቺን ቁጥር ያዟት።

አሁን ወደ ጠፋ እንስሳ። ስፔንና ፈረንሳይ ድንበር ላይ ባለው የፒሬኔ ተራራ ቡካርዶ የሚባል የተራራ ፍየል ነበር፣ የኛው ዋሊያ የቅርብ ዘመድ። አደን ጨረሰው። የመጨረሻዋ ሴት ሴሊያ ትባላለች። በ1999 ይዘዋት ከጆሮዋ ትንሽ ቆዳ ቆርጠው ለቀቋት፤ ቆዳው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ገባ። ጃንዋሪ 2000 ላይ ዛፍ ወድቆባት ሞታ ተገኘች። ከዚያ ሕዋሷን ከቤት ፍየል እንቁላል ጋር አዋህደው 208 ፅንስ በ57 ሴት ፍየሎች ማህፀን አስገቡ። ያረገዙት 7። ጁላይ 2003 ላይ አንዷ በቀዶ ጥገና ወለደች። ግልገሏ ሳንባዋ ላይ ትርፍ የሥጋ ክፍል ነበራት፣ እንደ ጉበት የጠጠረ። መተንፈስ አልቻለችም። በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች።

ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ «ሁለት ጊዜ የጠፋ ብቸኛ እንስሳ» ብሎ ያበቃል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በሕይወት ብትቆይስ? ሴት ናት። የተረፈው ሕዋስ ሁሉ የሴሊያ ስለሆነ መቶ ቢወለዱ መቶዎቹም ሴሊያ ናቸው። ወንድ የለም። ስለዚህ ሕዋስ አለን የሚል ሰው ሲመጣ «ከስንት እንስሳ? ስንቱ ወንድ ነው?» በሉት። ይሄ ካልተመለሰ የሚሠራው ዘር አይሆንም፣ አንድ እንስሳ ነው።

ወፍ ከሆነ ደግሞ ይሄ መንገድ ራሱ አይሠራም። የወፍ እንቁላል በአስኳል የተሞላ ስለሆነ ኒውክለሱን እንደ በግ አውጥቶ መተካት አልተቻለም፣ ሌላ ረጅም ዙር መዞር ያስፈልጋል።

ሕዋስ ከሌላችሁ

የዳየር ዎልፉ ወሬ እዚህ ነው የሚገባው። ኩባንያው የ13 ሺህ ዓመት ጥርስና የ72 ሺህ ዓመት ራስ ቅል ላይ ያለውን ዲኤንኤ አነበበ። ከዚያ ዛሬ ያለ የግራጫ ተኩላ ሕዋስ ወስዶ በ14 ጂኖች ላይ 20 ቦታ ቀየረ፣ ሕዋሱን ኒውክለሱ በወጣለት የውሻ እንቁላል ውስጥ አስገባ፣ ውሾች አረገዙለት። ሮሙለስና ሬመስ በ2024፣ ኻሊሲ የሚሏት በ2025 መጀመሪያ ተወለዱ። ከግራጫ ተኩላ ገዘፍ ያሉ፣ ነጫጭ፣ ሲያዩዋቸው ደስ የሚሉ።

በግራጫ ተኩላና በዳየር ዎልፍ መካከል ያለው የዲኤንኤ ልዩነት በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ የተቀየረው 20 ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለችው፣ ኩባንያው ስለ ዘሩ ሲጠየቅ ስለ ጥርሱና ስለ ራስ ቅሉ ያወራል፣ ሕዋሱን ግን ያገኘው ከግራጫ ተኩላ ነው። የኩባንያው ዋና ሳይንቲስት ቤት ሻፒሮ ራሷ ከሳምንታት በኋላ 20 ለውጥ የተደረገባቸው ግራጫ ተኩላዎች መሆናቸውን ተናግራለች። (በቅሎም ክሎን ተደርጓል እኮ፣ 2003፣ አሜሪካ ኢዳሆ። አይወልድም የተባለው እንስሳ!)

ሥራው ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። 20 ቦታ በአንዴ ቀይሮ ጤነኛ ቡችላ ማስወለድ ትልቅ ችሎታ ነው፣ ነገ በሽታ የሚቋቋም እንስሳ ለመሥራት ሊያገለግል ይችላል። እኔ የምጣላው ከማስታወቂያው ጋር ነው። ዜናው በወጣ ሰሞን የአሜሪካው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዳግ በርገም ቴክኖሎጂውን አወድሰው ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት የተመዘገቡበትን ዝርዝር ተቹ፣ የገባበት አይወጣበትም ብለው። «መመለስ ስለሚቻል ጥበቃው ይላላ» የሚለው ሐሳብ እንዲህ ነው የሚገባው፣ በጓሮ በር።

የምታረግዘውን አትርሱ

የፎቶው ላይ ግልገል ብቻ ነው የሚታየው። 57ቱን የስፔን ሴት ፍየሎች ማንም ፎቶ አላነሳቸውም። እያንዳንዷ ማደንዘዣ ወስዳለች፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎባታል፣ አብዛኞቹ ለምንም። ክሎን ፅንስ ከመጠን በላይ እየገዘፈ እናቲቱንም የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ማሞዝን ለመመለስ የተያዘውን ዕቅድ ስታዩት ይሄ ጎልቶ ይታያል። ለማሞዝ የምትቀርበው የእስያ ዝሆን ናት። እርግዝናዋ 22 ወር ይፈጃል፣ ራሷም ለመጥፋት ከተቃረቡት ወገን ናት። አንድ የማሞዝ ሙከራ ስታደርጉባት ለሁለት ዓመት ያህል የራሷን ዘር አትወልድም ማለት ነው። እንደ ዶሊ በመቶዎች መሞከር ያስፈልጋል ቢባል የትኛው መንጋ ይችለዋል? ስለዚህ «ስንት ተወለደ?» ከማለታችሁ በፊት «በስንት እናት ላይ ተሞከረ?» በሉ። ቁጥሩን የማይነግራችሁ ሰው ላይ ጥርጣሬ ይኑራችሁ።

«የፈጣሪ ሥራ ውስጥ መግባት አይሆንም ወይ?» የሚለውም በኛ አገር መነሳቱ አይቀርም፣ ሊናቅም አይገባም። የሃይማኖት አባቶችን ብጠይቅ የተለያየ መልስ እንደሚሰጡኝ እገምታለሁ። እኔ በበኩሌ፣ ቡካርዶን የጨረሰው የሰው ጠመንጃ ስለሆነ የሰው እጅ ቢያነሳው ድፍረቱ ከመጀመሪያው አይብስም ባይ ነኝ። ግን ኖኅም መርከቡ ላይ ያስገባው በሕይወት ያሉትን እንደሆነ አትርሱ።

የት ልታኖሩት ነው?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ፣ ገንዘብ የሚገኘው ግን ለላቦራቶሪው ነው። እንስሳውን ያጠፋው ነገር ዛሬም እዚያው ካለ መልሶ ማምጣት ሁለተኛ መግደል ነው። ጮቄን ውሰዱ። ነገ በተአምር 30 ቀይ ቀበሮ ቢሰጣችሁ የት ትለቋቸዋላችሁ? እርሻው ወደ ላይ ወጥቷል። ጅብራውና አስታው የቀረው ቁንጥር ቁንጥር ነው። የቀረውን ሣር ከብቱ ያድርበታል፣ ከከብቱ ጋር ውሻው አለ።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከተራራው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ በመነጋገር ነው፣ ያውም ውሳኔው ካለቀ በኋላ ሳይሆን በፊት። አንድ አባት ተነስተው «ልጄ፣ ቀበሮው ግልገሌን ቢበላ ማን ይከፍለኛል? መሬቱን ተው ካላችሁኝስ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ለዚህ መልስ ሳትይዙ አትሂዱ። «ቀበሮው አይጥ ነው የሚበላው» ማለት በአብዛኛው እውነት ነው፣ ግልገል አልፎ አልፎ ይነካልና ግን ሙሉ መልስ አይሆንም። ካሳው ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ለማን እንደሚያመለክቱ ተጽፎ ይቅረብ። ግጦሹ ተዘግቶ ከሆነ የሚታጨደው ሣር የማን እንደሆነ ይነገር። ይሄን ሁሉ ከሌላ ዓለም መበደር አያስፈልግም። መንዝ ጓሳ ላይ ቀበሮው እስከ ዛሬ የቆየው ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳውን መቼ እንደሚዘጋና መቼ ለአጨዳና ለግጦሽ እንደሚከፍት በራሱ ደንብ ስለሚወስን ነው። ከደብረ ማርቆስ የተነሳ የሽማግሌዎች ቡድን እዚያ ሄዶ አይቶ ቢመለስ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

ሁለተኛው ውሻ ነው። ተራራው ዙሪያ ያለው ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይወስድ ቀበሮ አይለቀቅም። በዚህ በኩል የተራራው ሰውም ይጠቀማል፣ ልጆቹን የሚነክሰው ያው ውሻ ነውና። ባሌ ላይ ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚበላ ክትባት እየተሰጠ ነው።

ባለቤቱ ማነው?

ላቦራቶሪ ውስጥ የተሠራ እንስሳ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሊወጣበት ይችላል። ይሄ የሩቅ ወሬ የሚመስለው ካለ ጤፍን ያስታውስ። በ2005 አገራችን ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለች፣ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ይዞ ተገኘ፣ የሄግ ፍርድ ቤት እስኪሰርዘው ድረስ ዓመታት አለፉ። የጎጃም ገበሬ ይህን የሰማው ከሁሉም በኋላ ነው። ማንም «የእንስሳችሁን ናሙና ስጡን» ብሎ ቢመጣ መንገዱ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በኩል ነው፤ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ መብት የወጣው አዋጅ 482/2006 አለ። ያለ ፈቃድ ፀጉር እንኳ አገር አይለቅም።

ታዲያ ክሎኒንግ መቼ ያዋጣል?

እንስሳው ሳያልቅ። አሜሪካ ውስጥ ሸለምጥማጥ የሚመስል ጥቁር እግር ፌሬት አለ። ጠፋ ተብሎ በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ ተገኘ፣ ዛሬ ያሉት ሁሉ የ7 እንስሳት ዘሮች ናቸው። ዊላ የምትባል አንዲት ሌላ ሴት ዛሬ ላሉት ዘር ሳታስቀር በ1988 ሞታ ሕዋሷ ሳንዲያጎ ቀዝቅዞ ነበር። በ2020 ከዚያ ሕዋስ ኤልዛቤት አን ተወለደች። እሷ መውለድ አልቻለችም። ያው ሕዋስ የሰጣት አንቶኒያ ግን በ2024 ወለደች፣ ሁለት ግልገሎቿም አደጉ። የተጨመረው እንስሳ ብቻ አይደለም፣ ከመንጋው ጠፍቶ የነበረ የዘር ስብጥር ነው። መኖሪያ አለ፣ የሚያስተምር ዘመድ አለ፣ የሚያገባ ወንድ አለ። ለኔ ከዳየር ዎልፉ ይልቅ ዜና መሆን የነበረበት ይሄ ነው።

ለኛ ይህ ማለት ዛሬ ካሉት ቀይ ቀበሮዎችና በጥቂት መቶ ከሚቆጠሩት ዋሊያዎች፣ ከወንዱም ከሴቱም፣ ከየተራራው ሕዋስ ማስቀመጥ ማለት ነው። ክሎን ለማድረግ አይደለም፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው እንደ ስፔኖቹ አንዲት ጆሮ ብቻ ይዞ እንዳይቀር ነው።

ሰሜን ተራሮች፣ መንዝ ወይም ቦረና ሳይንት ስትሄዱ የሞተ ቀበሮ ወይም ዋሊያ ብታገኙ እንዲህ አድርጉ። በባዶ እጅ አትንኩት፣ በተለይ ቀበሮን፣ የሞተው በእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ፎቶ አንሱ፣ ስልካችሁ ላይ ቦታውንና ሰዓቱን ያዙ፣ ወዲያው ለፓርኩ ስካውት ወይም ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ሬሳው ፀሐይ ላይ በቆየ ቁጥር ሕዋሱ ይበላሻል፣ ስለዚህ ሐኪሙ እስኪመጣ ጥላ አብጁለት። ቆርጣችሁ ቤት ወስዳችሁ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት። ሕጉ አይፈቅድም፣ ደግሞም መከላከያ ፈሳሽ ሳይጨመርበት የቀዘቀዘ ሕዋስ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያፈነዳዋል። ናሙናውን የሚወስደው ባለሙያ በማቀዝቀዣ ሣጥን፣ በረዶ ሳያደርገው፣ ቀዝቀዝ አድርጎ ነው የሚያጓጉዘው።